«ሌንቶ» ላይ «ሜንቴ» ስጨምር ምኑ ላይ ነው የሳትኩት? (ስፓኒሽ)

ጠያቂ፦ ማድሪድ ያለሁ
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ማድሪድ አንዲት አዛውንት እናት እንከባከባለሁ። ሲያወሩ በጣም ይፈጥኑብኛል። ትናንት ጠዋት ቡናቸውን እያቀረብኩ «እባክዎ በዝግታ ይናገሩ» ለማለት «አብሌ ሌንቶሜንቴ፣ ፖር ፋቦር» አልኳቸው። እጄን ያዝ አድርገው «ዴስፓሲዮ፣ ኢኻ» አሉኝ፤ «ቀስ ብለሽ፣ ልጄ» እንደማለት። እኔ ሌንቶ «ዝግተኛ» ከሆነ፣ ሜንቴ ሲጨመርበት «በዝግታ» ይሆናል ብዬ ነበር። እባካችሁ አስረዱኝ።

መልስ፦ ሰናይት
ሐሳብሽ ልክ ነው እህቴ፣ አንድ ድምፅ ብቻ ናት የሳትሻት። ሜንቴ የሚለጠፈው በሴት ጾታው ቅጽል ላይ ነው። ሌንቶ መጀመሪያ ሌንታ ይሆናል፣ ከዚያ ሌንታሜንቴ። ራፒዶም («ፈጣን») ራፒዳሜንቴ ይሆናል። እንደ ኖርማል ለወንድም ለሴትም አንድ የሆነውን ግን አትንኪው፤ ኖርማልሜንቴ ብለሽ እለፊ።

መልስ፦ የቋንቋ ወዳጅ
ምክንያቱን ካወቅሽው አትረሺውም። ሜንቴ ከላቲን የመጣ ቃል ነው። «አእምሮ» ማለት ነው፣ ጾታውም ሴት። ድሮ «በዝግተኛ አእምሮ» እንደማለት ነበር። እኛስ «በቅን ልብ»፣ «በሙሉ ልብ» እንል የለ? ሁለት ሲደረደሩም ሜንቴ መጨረሻው ላይ ብቻ ትገባለች፦ ሌንታ ኢ ክላራሜንቴ፣ «በዝግታና በግልጽ»።

መልስ፦ የቫሌንሲያው
ሕጉን ያዢው፣ ግን እማማ ያሉሽን አትልቀቂ። ሰው በወሬ መሀል ሜንቴን ያን ያህል አያበዛም። «ቀስ ብለው» ለማለት ዴስፓሲዮ ይበቃል። «በጥንቃቄ» ኮን ኩይዳዶ ነው፤ ኮን ልክ እንደ እኛ «በ» ሆና ታገለግላለች። «ስታወራ ትፈጥናለች» ለማለትም ኤያ አብላ ራፒዶ ነው። ሴት ናት ብለሽ ራፒዳ እንዳትዪ፣ ተውሳከ ግስ ጾታ አይከተልም። እኔ ይህን ለማረም ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

መልስ፦ ሰናይት
ቡዌኖን («ጥሩ») እና ቢየንንም («በጥሩ ሁኔታ») ለዪ። ቡናው ቡዌኖ ነው፣ ያፈላሽው ግን ቢየን ነው። ማሎም («መጥፎ») ማል («በመጥፎ ሁኔታ») ይሆናል። እነዚህ ሜንቴ አያስፈልጋቸውም።

ጠያቂ፦ ማድሪድ ያለሁ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ማታ «ማስ ዴስፓሲዮ፣ ፖር ፋቦር» («ይበልጥ ቀስ ብለው፣ እባክዎ») አልኳቸው። ቃሉን አንድ በአንድ እየለያዩ የልጅ ልጃቸው ቅዳሜ እንደምትመጣ ነገሩኝ። አንዱም አላመለጠኝም።