ዛጎሉ ይፍረድ ወይስ ዲኤንኤው? ስለ አንዲት የባሕር ጭቃ ፍጡር ክርክር

ጥያቄ አቅራቢው፦
ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው የለጠፍኩትን ፎቶ ሰው ሁሉ «ቀንድ አውጣ» አለው። አይደለም። ፎራሚኒፌራ ናት፤ ባለ አንድ ሕዋስ። ከጤፍ ፍሬ ታንሳለች። የባሕር ወለል ጭቃ ላይ ትኖራለች። የኖራ ዛጎል አላት፤ ስታድግ አንድ አንድ ክፍል እየጨመረች ትጠመዘዛለች። የወገኗ ስም አሞኒያ ነው። ሽታ ካለው አሞኒያ ጋር አታምታቱት፤ የጥንት ግብፆች አምላክ የአሞንን የበግ ቀንድ ትመስላለች ተብሎ ነው።

አሁን ወደ ጠቡ። በ1926 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ያዙልኝ) ኩሽማን የሚባል አሜሪካዊ ከፖርቶ ሪኮ፣ ከሳን ሁዋን ወደብ አንዷን ገለጸና «ቴፒዳ» አላት። ከዚያ ወዲህ አውሮፓም፣ እስያም፣ የናይል ዴልታ ሐይቆችም ውስጥ እሷን የምትመስል ያገኘ ሁሉ «ቴፒዳ» ሲል ኖረ። በ2004 ኒውዚላንዳዊው ሄይዋርድና ባልደረቦቹ ከብዙ አገር ሰብስበው ዲኤንኤዋን ሲያዩ አሞኒያ 13 ዓይነት ሆና ቁጭ አለች። በዓለም ላይ እንደሷ ስሟ የሚሳሳት ፎራሚኒፌራ የለም ብለው ጻፉ።

እና ጥያቄዬ፦ ዝርያ ሲለይ የመጨረሻው ዳኛ ማን ይሁን? ዛጎሉ ወይስ ዲኤንኤው? የምሁራን ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የባሕር ብክለት የሚለካው እነዚህን እየቆጠሩ ነው፤ የሚከፈለው ደግሞ ከሕዝብ ኪስ።

ድንጋይ ቆጣሪ፦
ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ጉድጓድ ሲቆፈር ከሥር የሚወጣውን ፍርፋሪ ድንጋይ በማየት ነው። ኦጋዴን፣ ፀሐይ ላይ። መሐንዲሱ አናቴ ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ የት ደረስን?» ይላል። ፍርፋሪውን አጥባለሁ፣ አንዳንዱን ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ፈግፍጌ አሳሳለሁ፣ ማይክሮስኮፕ ሥር አደርገዋለሁ። ፎራሚኒፌራዋን አይቼ የድንጋዩን ዘመን እነግረዋለሁ። የጁራሲክ ድንጋይ ነው፤ ምን ዲኤንኤ አለው?

የመቀሌ ልጆች ቤታችሁ የተሠራበትን የአንታሎ ኖራ ድንጋይ በማጉያ እዩት። እዚያም አሉ።

ስም ከተሰጣቸው 50,000 ገደማ ዝርያዎች ዛሬ በሕይወት ያሉት ወደ 9,000 ቢጠጉ ነው። ሌላው ሁሉ ድንጋይ ሆኗል። ዳኛው ዲኤንኤ ይሁን ካላችሁ፣ ከአምስቱ አራቱ ችሎት ፊት መቅረብ አይችልም ማለት ነው።

ብሩሽ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ዛጎል አይቶ መፍረድን ያስጀመረው ሰውዬ ምን ብሎ እንደነበር ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። ዶርቢኒ በ1826 ፎራሚኒፌራን ከእነ ኦክቶፐስ ጋር መደባቸው! ዛጎላቸው ክፍልፍል ነዋ። ዱጃርዳን የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ በ1835 በሕይወት ያሉትን ቁጭ ብሎ ሲያይ ነው ጉዱ የወጣው። ክንድ የለ፣ ዓይን የለ። አንድ ሕዋስ።

የእኔንም ጉድ ልንገራችሁ። የምሠራው አውሮፓ ነው፤ ቤተ ሙከራውን አልጠራም። ሥራችን እንዲህ ነው። ወንዝ ባሕር የሚገባበት ቦታ ሄደን የጭቃውን የላይኛውን 1 ሴንቲሜትር እንወስዳለን። ሮዝ ቤንጋል የሚባል ቀለም ያለበት አልኮል ውስጥ ቢያንስ 14 ቀን ይቀመጣል። ናሙናው ሲወሰድ በሕይወት የነበረችው ውስጧ ሮዝ ይሆናል፤ ባዶዋ ነጭ ትቀራለች። ከዚያ በወንፊት ይታጠባል፣ ጥቁር ሳህን ላይ ይበተናል። ጫፉ ጥቂት ፀጉር ብቻ ያለውን ብሩሽ ትንሽ አርሰሽ ጠጋ ስታደርጊያት ትለጠፍልሻለች። ትንፋሽ መያዝ ግድ ነው፤ አንዴ አስነጥሼ የግማሽ ቀን ሥራ በትኛለሁ።

እና እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ሮዟን ሁሉ «ቴፒዳ» እያልኩ ቆጠርኩ። በኋላ ስናጣራ ሦስት ናቸው፦ ቲ1፣ ቲ2 እና ቲ6 (በዲኤንኤ የተለዩት ዓይነቶች የሚጠሩበት ቁጥር ነው)። ሪፖርቱ ወጥቷል፤ ማንም አላረመውም። እስከ ዛሬ ያሳክከኛል።

ተማሪ ነኝ፦
ይቅርታ፣ የሞኝ ጥያቄ ነው። በዓይን የማይለዩ ከሆነ ሦስት መባላቸው ለምን ያስፈልጋል?

ብሩሽ፦
ሞኝ ጥያቄ አይደለም፣ ዋናው እሱ ነው። ይለያሉ! ግን የት ማየት እንዳለብሽ ካወቅሽ ነው። ዛጎሏ በደቃቅ ቀዳዳ የተበሳሳ ነው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከመጨረሻው በፊት ያለውን ክፍል ታያለሽ። ቀዳዳው ተለቅ ካለ ቲ6 ናት። ቀዳዳው ደቃቅ ከሆነ ደግሞ ጀርባዋን ተመልከች፤ በክፍሎቹ መሀል ያለው ስፌት ከፍ ብሎ መውጣቱና አለመውጣቱ ቲ1ን ከቲ2 ይለይልሻል። ይህ በ2019 ታትሟል። ዛጎሉ ድሮም እዚያው ነበር። የት እንደምናይ የነገረን ግን ዲኤንኤው ነው።

ድንጋይ ቆጣሪ፦
ቆይ ልጄ። በ1974 ሽኒትከር የሚባል ሰው ያደረገውን አትርሺ። ከአንዲት አሞኒያ የተገኙ ልጆችን በቤተ ሙከራ አረባ። እናት አንድ። የልጆቹ መልክ ግን ይለያያል፤ መጻሕፍቱ የተለያየ ስም የሰጧቸውን መልኮች ይዘው ወጡ። ሰው ሁሉ ሙቀቱ ነው፣ ጨዋማነቱ ነው አለ። እኛ ያን ጊዜ «አሞኒያ ቤካሪ» ብለን ሁሉንም በአንድ ከረጢት የከተትነው ሰንፈን አይደለም። ማስረጃ ነበረን።

ብሩሽ፦
ልክ ነዎት፣ ሽኒትከር አልዋሸም። የአንድ ዝርያ ልጆች መልካቸው ይለያያል። ከዚያ ተነሥቶ «እንግዲያው ሁሉም አንድ ነው» ማለት ግን አይመጣም። ቲ1 እና ቲ6ን ከአንድ ማንኪያ ጭቃ አወጣቸዋለሁ። ያው ጨው፣ ያው ሙቀት፣ ያው ቀን። አካባቢው አንድ ከሆነ ቀዳዳው ለምን ተለያየ?

ድንጋይ ቆጣሪ፦
እሺ። እዚህች ላይ ዝም አልኩ።

የሐይፋው፦
እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ባሕር ዳር ስለምኖር ነው የምገባው። እዚህ አምፊስቴጂና ሎቢፌራ የምትባል አለች። በዓይን ትታያለች። ዛጎሏ ከብዛቱ የተነሣ ቦታ ቦታ ላይ አሸዋው ራሱ እሷ ነው። በ1869 የስዊዝ ቦይ ከተከፈተ በኋላ ከቀይ ባሕር ከገቡት ትቆጠራለች። እሷን ለይቶ «እንግዳ ናት» ለማለት ዛጎሏን ማየት በቂ ነበር።

ቲ6ም እንግዳ ናት ይባል የለ እንዴ?

ብሩሽ፦
አዎ፣ ከምሥራቅ እስያ፣ ምናልባትም በመርከብ ሆድ በሚጫነው የሚዛን ውሃ መጥታለች ነው የሚባለው። ይህን ያስጠረጠረው ዲኤንኤዋ ነው፤ እዚህና እዚያ ያለው ይገጥማል። በ«ቴፒዳ» ስም ተሸፍና ብትቀር ማን ልብ ይላት ነበር?

የሐይፋው፦
መጤ ናት በይን በቃ።

ጥያቄ አቅራቢው፦
ኧረ በናታችሁ «መጤ» የሚለውን ቃል እዚህ ግሩፕ አታምጡብኝ፣ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል ሃሃ።

እስቲ ትንሽ ላዝናናችሁ። ስትራቦን የሚባል የጥንት ግሪካዊ የጊዛ ፒራሚዶች ዘንድ ሄዶ ከድንጋዩ ፍርፋሪ መሀል ምስር የሚመስል ነገር አየ። ሰዎቹ «ፒራሚዱን የሠሩት ሠራተኞች የተረፋቸው ምግብ ነው፣ ድንጋይ ሆኖ ነው» አሉት። እሱም በእኔም አገር እንዲህ ያለ ጠጠር የሞላበት ኮረብታ አለ ብሎ ጻፈ። ነገሩ ኑሙላይት ነው፤ ትልቅ ፎራሚኒፌራ። ፒራሚዱ የተሠራበት ኖራ ድንጋይ በእሱ የተሞላ ነው። በእኛ ደግሞ የግብፅ የድሮ ስሟም ምስር፣ ወጡም ምስር። ይህን ሳስብ ለብቻዬ እስቃለሁ።

ለጋሼ ግን ጥያቄ አለኝ። ኑሙላይቶች ባንዱ ትውልድ ተለቅ ብለው መሀላቸው ያለው የመጀመሪያ ክፍል ደቃቅ ይሆናል፣ በሌላው ትውልድ አነስ ብለው የመጀመሪያው ክፍል ይተልቃል። ሊቃውንቱ ለረጅም ጊዜ እናትን አንድ ዝርያ፣ ልጅን ሌላ ዝርያ ብለው ሁለት ስም ሲሰጡ ኖሩ። ይህ የዛጎል ስህተት አይደለም?

ድንጋይ ቆጣሪ፦
ነው። ግን ማን አረመው? ዲኤንኤ አይደለም። ሁለቱ ሁልጊዜ ከአንድ ድንጋይ አብረው ሲወጡ ሰው ልብ አለና፣ ቆርጦ ውስጣቸውን አየ። የዛጎልን ስህተት ዛጎል አረመው። እኔ ዛጎል አይሳሳትም አላልኩም። ስትሳሳት ተመልሰህ የምታየው ነገር እጅህ ላይ አለ ነው የምልህ።

ተማሪ ነኝ፦
እሺ ዲኤንኤውስ አይሳሳትም?

ብሩሽ፦
ይሳሳታል፣ ለወገኔ ብዬ አልዋሽም። ዝርያ ለመለየት የምናነበው ራይቦሶም (የሕዋሷ ፕሮቲን መሥሪያ) የሚሠራበትን ጂን ነው። አንዲት ሕዋስ ውስጥ የዚህ ጂን ብዙ ቅጂ አለ፤ ቅጂዎቹ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደሉም። ጥንቃቄ ካጣሽ ከአንዲት ፍጡር «ሁለት ዝርያ» ታወጫለሽ። አሞኒያ ውስጥ ራሷ ታይቷል።

የባሰው ደግሞ ፍጡሯን ሳያዩ ጭቃውን ብቻ ማንበብ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ በሳልሞን እርባታ ሥር ያለውን ጭቃ እንዲህ ሞክረውታል። ጥሩ ይሠራል፤ ከእርባታው ስትርቂ የሚገኘው ስብስብ ይቀየራል። ፈጣን ነው፣ በእኔ ብሩሽ ሳምንት የሚፈጀውን ብዙ ናሙና ባንዴ ያነባል። ግን የሞተች ፍጡር ዲኤንኤም ጭቃው ውስጥ ይቆያል። ቁጥሩም የፍጡር ቁጥር አይደለም፤ የቅጂ ቁጥር ነው። ከሚነበበው ደግሞ ብዙው ከየትኛውም የታወቀ ስም ጋር አይገጥምም። አካል የሌለው ዲኤንኤ።

ድንጋይ ቆጣሪ፦
እኔ የምፈራው ይህንን ነው! ነገ አንዱ ተነሥቶ ለዚያ አካል አልባ ነገር የላቲን ስም ያወጣለታል። ስም የምንሰጥበት የእንስሳት ስያሜ ሕግ «ናሙናህን አስቀምጥ» ይላል። ሊኒየስ በ1758 የሰየማትን ቤካሪን እንኳ ዛሬ ስንጨቃጨቅባት መጀመሪያ ወደተገኘችበት ወደ ጣሊያን፣ ወደ ሪሚኒ አሸዋ ተመልሰን ነው የምናያት። ያቺን አካል አልባዋን ወዴት ሄጄ ልያት?

አሁንም ቢሆን ፍጡሯን ይዛችሁ ዲኤንኤዋን ስታወጡ ዛጎሏን ታደቁታላችሁ ይባላል። ምስክሩን ገድላችሁ ፍርድ ትሰጣላችሁ።

ብሩሽ፦
ይቺ አባባል ወጋችኝ። እውነት ነው፣ ብዙ ቤተ ሙከራ መጀመሪያ ፎቶ ያነሣል፣ ከዚያ ያደቃል። ግን ጓኒዲን ያለበት ፈሳሽ አለ፤ ሕዋሷን ያሟሟል፣ የኖራ ዛጎሉን ይተወዋል። ዲኤንኤው በቱቦ፣ ዛጎሉ በሳጥን። እኔ አሁን ሌላውን መንገድ አልሠራም።

ደግሞ ጋሼ፣ በ2021 እነ ሄይዋርድ ለሦስቱ ስም ሲያገኙላቸው ምን እንዳደረጉ ይመልከቱ። አዲስ አልፈጠሩም። የዲኤንኤ ባለቤቶቹን ዛጎል ከድሮዎቹ መግለጫዎች ጋር አስተያዩ። ቲ1 በ1854 የተሰየመችው ቬኔታ ሆነች። ቲ2 በ1973 የተሰየመችው አበርዶቬይኤንሲስ ሆነች። ቲ6 ደግሞ ቻይናዊቷ ዠንግ በ1978 የገለጸቻት ኮንፈርቲቴስታ። አንዷም «ቴፒዳ» አልሆነችም። የእርስዎ ዓይነት ሰዎች ሥዕል ባያስቀሩ ኖሮ እስከ ዛሬ በቁጥር እንጠራቸው ነበር።

የሐይፋው፦
ታዲያ ተስማማችሁ ማለት ነው?

ድንጋይ ቆጣሪ፦
የለም። እኔ ናሙና ለሌለው ዲኤንኤ ስም አይሰጥ ነው የምለው፤ በቁጥር ይቆይ። እሷ ምን እንደምትል አላውቅም።

ብሩሽ፦
ስም አይሰጥ በሚለው እስማማለሁ። ስም ስለሌለው ከብክለት መለኪያው ይውጣ ከተባለ ግን አልስማማም። ፎራሚኒፌራ በአውሮፓ ለብክለት ባላት ትዕግሥት አምስት ቡድን ላይ ትመደባለች፤ ምድቡ በስም ነው። ስም የሌላት የትም አትመደብም። ግን ቆሻሻ በበዛበት ሁሉ የምትገኝ፣ ንጹሕ በሆነበት የምትጠፋ ቁጥር ካለች፣ ስም ስለሌላት ብቻ አላየሁሽም ልበላት? ጭቃው እስኪሞት ላቲን ልጠብቅ?

ጥያቄ አቅራቢው፦
እኔም ሐሳቤን ልስጥ። ለመለካት ቁጥሩ ይበቃል፤ ለመሰየም ሁለቱም ከአንዲት ፍጡር ይቅረቡ። አሮጌው መረጃ ላይ ያለችውን «ቴፒዳ» ግን ምን እናድርጋት? እሱን ማንም አልመለሰልኝም። በመቶ የሚቆጠሩ ሪፖርቶች ላይ አለች።

ብሩሽ፦
የእኔን ሁለት ዓመት ጨምሮ። ሳጥኖቹ አሉ፣ አልጣልኳቸውም። ቀለም ስለነካቸው ዲኤንኤ ማውጣቱ አያስተማምንም፤ ቀዳዳቸውን ግን ማየት ይቻላል። ከሰኞ ጀምሬ እንደገና ልቆጥር ነው።

ድንጋይ ቆጣሪ፦
አየሽ፣ ዛጎሉ ባይኖር በምን ትመለሺ ነበር። ፎቶ ስታነሺ ጀርባዋን ብቻ አይደለም፣ ገልብጠሽ የእምብርቷንም በኩል አንሺልኝ። እዚህ ላኪው፣ ዓይኔ ቢደክምም አያለሁ።

ብሩሽ፦
እሺ ጋሼ። ማስነጠስ ካልመጣብኝ።