ደመወዜን እንዴት ላስከፍል? እስቲ ምከሩኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ሰው ቤት ነው የምሠራው፤ አገሬ ኩታበር ነው። እትዬ "እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ፣ በእጅሽ ከገባ ታባክኚዋለሽ" ብለው ደመወዜን ይዘውታል። አሁን እናቴ ታማብኝ ብጠይቃቸው "በልተሽ ጠጥተሽ እያደርሽ ምን ጎደለብሽ?" አሉኝ።

መብሉስ እሺ። ቡናውን ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ቀድቼ፣ የኔ ግን አፉ በተሸረፈ ሲኒ ነው፣ ያውም ጓዳ ቆሜ። (የወሎ ቡና እኮ መንገደኛም ተጠርቶ የሚጠጣበት ነው!) እንግዳ ሲመጣ ስሜ ይጠፋል፣ "ልጅቷ" ነኝ። ይሄንንስ ችዬዋለሁ፣ የላቤን ግን አልተውም።

ሕግ የምትማር አንዲት የሰፈር ልጅ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የቤት ሠራተኛን አይመለከትም፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን መክሰስ ትችያለሽ አለችኝ። ችግሩ የተፈራረምነው ነገር የለም፣ በቃል ነው፤ የሚያውቀው ያገናኘን ደላላ ብቻ ነው። እሱ ቢመሰክርልኝ ይበቃል? ወይስ መጀመሪያ ሽማግሌ ልላክ? ከቤት ቢያስወጡኝ ማደሪያም የለኝ። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።