ልጄ ስንዴና ገብስ ተከልክላለች፤ እንጀራዋን እንዴት ላድርገው?

የሶልያና እናት፣ ኮዬ ፈጬ

ሰላም እናቶችና አባቶች። ምክራችሁን ፈልጌ ነው። የ7 ዓመት ልጅ አለችኝ። ሆዷ ይነፋል፣ ቶሎ ቶሎ ያስቀምጣታል፣ ኪሎ አትጨምርም። ደም ማነስ ነው እየተባለ የብረት ሽሮፕ ስትወስድ ከረመች፤ ለውጥ ግን አልነበረም። በመጨረሻ በደም ምርመራና በኢንዶስኮፒ ሴሊያክ የሚባል በሽታ እንዳለባት ታወቀ። ሐኪሟ ስንዴ፣ ገብስና ከእነሱ የሚሠራ ነገር በሙሉ ዕድሜ ልኳን እንዲቀርባት ነገረን። ጤፍ ግን ትችላለች አለ። ይህን ስሰማ እፎይ አልኩ። ጭንቀቱ የመጣው ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ እንጀራ የምንገዛው ከብሎካችን ሥር ካለ ሱቅ ነው። ባለሱቋን ንጹህ ጤፍ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። እግዜር ይስጣት፣ እውነቱን ነገረችኝ። ጤፍ ስለተወደደ ሩዝ ትቀላቅላለች፤ እንዲለሰልስ ደግሞ ፉርኖ ዱቄት ጣል ታደርግበታለች። ስለዚህ ራሴ ልጋግር ወስኛለሁ። ግን ሰፈራችን ያለው ወፍጮ ቤት ስንዴውንም ገብሱንም ይፈጫል። እርሾውንስ ከጎረቤት ብቀበል ችግር አለው?

ሌላው ጉዳይ ልጅቷ ምግብ ትመርጣለች። ነፍሷ ማካሮኒና ዳቦ በማርማላታ ነው፤ ሁለቱም ተከለከሉ። ሩዝ አትወድም። የእንቁላል ሽታ ያስጠላታል። ሽሮ ወፈር ካለ አትነካውም፣ ቀጠን ብሎ ትኩስ ከሆነ ግን ትበላለች። ድንች በማንኛውም መልኩ ትወዳለች። የትምህርት ቤት ምሳዋ ውስጥ ምን ልጨምርላት? አማቴም አብረውን ይኖራሉ፤ ልጅቷን በጣም ነው የሚወዷት፤ "አንድ ቁራሽ ዳቦ ምን ያደርጋታል?" ይላሉ። ከውጭ የሚገባውን ልዩ ፓስታ ኪሳችን አይችለውም።

የናሆም እናት፣ ሰበታ

እህቴ፣ አይዞሽ። የእኔም ልጅ እንደዚሁ ነው፣ አሁን ጎረምሳ ሆኗል። ቁመቱ ከእኔ በልጧል።

መጀመሪያ የምመክርሽ ለእሷ ብቻ ለይተሽ አትጋግሪ። የቤቱን እንጀራ በሙሉ ንጹህ ጤፍ አድርጊው። ሁለት ሊጥ፣ ሁለት ምጣድ፣ ሁለት መሶብ እያልሽ አንድ ቀን ይምታታብሻል። ልጅም ከሌላው ተለይታ ስትበላ ቅር ይላታል። አንድ መሶብ ከሆነ ግን እንደ ድሮው ከአባቷ ጋር ትቆርሳለች፣ ጉርሻም ትቀበላለች። ወጪው ይጨምራል፣ አልዋሽሽም። እኛ ማኛውን ትተን ሰርገኛ ጤፍ ገዛን፣ የሥጋውንም ቀን ቀነስን፤ በዚያ ተካካሰልን።

ጤፉን እህሉን ግዢ፣ የተፈጨ ዱቄት በጭራሽ አትግዢ። ዘመድ ካለሽ ከቢሾፍቱ ወይም ከምንጃር አስመጪ፤ ከሌለሽም ከእህል በረንዳም ቢሆን ይሁን። ብቻ ማበጠሩንና መንፋቱን ለሌላ ሰው አትስጪ። የጤፍ ፍሬ ርዝመቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በወንፊት ስትነፊው እሱ ወደ ታች ይፈሳል፣ ገብሱና ስንዴው ከላይ ይቀራል። ከላይ የቀረውን ሰፌድ ላይ ዘርግተሽ እይው። ንጹህ ነው ከተባለ ጤፍ እንኳ ሁልጊዜ ጥቂት የገብስ ፍሬ አይጠፋውም፤ ሆዱ ላይ ባለው ስንጥቅ ትለይዋለሽ። ልጄን ትንሽ ሆኖ እየለቀመ እንዲያወጣ አደርገው ነበር። የሚጎዳውን በዓይኑ ለየ፣ ከዚያ ወዲህ መጠበቅ አላስፈለገኝም።

ወንፊት አዲስ ግዢ። የፉርኖ ዱቄት የተነፋበት ወንፊት ቢታጠብም አይለቅም። ምጣድሽም ላይ ዳቦ ወይም የስንዴ ቂጣ ሲጋገርበት ከኖረ ሸክላው ስለሚመጥ ብትቀይሪው ይሻላል።

ጎረቤት፣ የካ አባዶ

እኔ እንኳ ሐኪም አይደለሁም። ግን የእህቴ ልጅ ወተት አይስማማውም ነበር፣ በትንሽ በትንሹ አለማመዱት፣ አሁን ይጠጣል። ሶልያናንም ትንሽ ትንሽ ዳቦ እያስለመዷት ቢሄዱስ?

ሲስተር፣ ለገጣፎ

ጎረቤታችን በቅንነት ነው የተናገሩት፤ ግን እባክሽ ይህን እንዳትሞክሪ። ሴሊያክ አለመስማማት ብቻ አይደለም። በስንዴ፣ በገብስና በመሰል እህሎች ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ሲገባ የሰውነት መከላከያ ተነስቶ የራሱን ትንሹን አንጀት ያጠቃል። ምግብ የሚመጥጡት ጥቃቅን ጣቶች መሰል ነገሮች ይረግፋሉ። የብረት ሽሮፑ ያልሠራላት ለዚህ ነው፤ መግባቱን ገብቷል፣ የሚቀበለው አንጀት ግን ተጎድቷል። መለማመድ የሚባል ነገር የለውም። አንዳንዴ ልጅቷ በልታ ሆዷን ላያማት ይችላል፤ ጉዳቱ ግን ውስጥ ለውስጥ ይቀጥላል።

መጠኑን በቁጥር ላሳይሽ። በዓለም አቀፉ የምግብ ደንብ፣ በኮዴክስ፣ ከግሉተን ነፃ የሚባል ምግብ በ1 ኪሎ ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ግሉተን ሊኖረው አይገባም። አንድ የሻይ ማንኪያ ፉርኖ ዱቄት ውስጥ ያለው ግሉተን ብቻውን ወደ 200 ሚሊ ግራም ይጠጋል። አንዲት ማንኪያ 1 ኪሎ የጤፍ ዱቄትን ከልኩ 10 እጥፍ ታሳልፈዋለች ማለት ነው። ለአማትሽ ይህንኑ ንገሪያቸው።

አጃ በሚል ስም የሚሸጠውንም ሁሉ ለጊዜው ተይው። በታሸገ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ከስንዴና ከገብስ ጋር ተነካክቶ የመጣ ነው፤ ገጠር ውስጥ ደግሞ አጃ የሚባለው ራሱ የስንዴ ዘር የሆነበት ቦታ አለ።

ሌሎች ልጆች ካሉሽ እነሱም፣ አንቺና አባቷም ተመርመሩ። ከቅርብ ቤተሰብ ከ10 ሰው 1 ያህሉ ላይ ሊገኝ ይችላል። ነገር ግን ከምርመራው በፊት ስንዴ እንዳታቆሙ፤ ካቆማችሁ የደም ምርመራው ነፃ ናችሁ ብሎ ሊያሳስታችሁ ይችላል። ወተት ሰሞኑን ሆዷን ካወካት አትደንግጪ፣ አንጀቷ ሲያገግም ብዙ ጊዜ ይመለስላታል። ሐኪሟ በቀጠረሽ ጊዜ ደሟ ደግሞ ይታይ። ቤት ውስጥ ያደረግሽው ጥንቃቄ መሥራት አለመሥራቱን የሚነግርሽ እሱ ነው።

ባለወፍጮ፣ ገላን

እህቴ፣ የወፍጮውን ጉዳይ ለእኔ ተይው፤ ሥራዬ ነው።

ማሽን ውስጥ ከገባው እህል ሁልጊዜ የሚቀር አለ። እህሉ የሚፈስበት አፍ ላይ ይቀራል፣ ድንጋዩ መሃል ይቀራል፣ ከሁሉ በላይ ዱቄቱ በሚወርድበት ጨርቅ ላይ ይቀራል። ጨርቁን በእጅሽ መታ መታ ብታደርጊው የትናንት ዱቄት ይቦንናል። ከአንቺ በፊት ገብስ ያስፈጨ ሰው ካለ፣ የመጀመሪያው ዱቄትሽ ውስጥ የእሱ ገብስ አለበት።

ብዙ ወፍጮ ቤት ለጤፍ የተለየ ማሽን አለው። እሱን ጠይቂ፣ ግን በዚያ ብቻ አትመኚ። ጤፍን ከገብስ ቀላቅሎ የሚያስፈጭ ደንበኛም ወደዚያው ማሽን ነው የሚያፈሰው። እንዲህ አድርጊ። ቅዳሜ አትሂጂ፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ ማንም አይሰማሽም። በሥራ ቀን ማለዳ፣ ማሽኑ ሳይነሳ ድረሺ። ለሠራተኛው የሕክምና ጉዳይ መሆኑን በግልጽ ንገሪው። ጨርቁ ይራገፍ፣ አፉ በብሩሽ ይጠረግ። ከራስሽ ጤፍ 5 ኪሎ ያህል አስቀድመሽ አስፈጭተሽ ለብቻ ያዢ። ያ ዱቄት ማሽኑን ያጥባል። እሱን ለዘመድ ስጪ ወይም ሽጪው፤ ቤትሽ አይግባ። ከዚያ በኋላ የሚወርደው የልጅሽ ነው። አንዴ በርከት አድርገሽ ካስፈጨሽ 5 ኪሎው ብዙም አይጎዳሽም።

ሽሮውንና በርበሬውንም አትርሺ። በሽሮ ማሽን ላይ በሶ የሚያስፈጭ ሰው አለ። በዚያም ላይ ቀድሞ ትንሽ ሽምብራ ማሳለፍ ነው።

የሶልያና እናት፣ ኮዬ ፈጬ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያክብርህ። ሲስተር፣ የማንኪያውን ነገር ለአማቴ ነገርኳቸው፤ ዝም ብለው ከሰሙኝ በኋላ ማርማላታውን ራሳቸው ከጠረጴዛው አነሱ። ማርማላታው እንኳ ችግር የለውም፣ ዳቦ የነካ ቢላ ካልገባበት፤ አይደል?

እርሾውን ግን ማንም አልመለሰልኝም። በዓል ሲመጣ ድፎ ዳቦ እየሸተታት ምን ልሰጣት? ቁርባንም አለ፤ ልጅቷ ትቆርባለች።

ሲስተር፣ ለገጣፎ

ልክ ነሽ፣ ቢላ ካልገባበት ችግር የለውም። ለእሷ አዲስ ብልቃጥ ክፈቺላት።

እማማ፣ ሱሉልታ

ልጄ፣ እርሾ ከሰው አትቀበይ። የጎረቤትሽ ሊጥ ገብስ ካለበት እርሾውም አለበት። እርሾ እኮ ከምንም ይወጣል። አንድ ኩባያ የጤፍ ዱቄት ወስደሽ በንጹህ ውሃ ቀጠን አድርገሽ ለውሺ፣ ከድነሽ አስቀምጪ። በ3ኛው በ4ኛው ቀን አረፋ ይሠራል፣ ከላይ ቢጫ ውሃ ያቅራል። በሐምሌና በነሐሴ ብርድ ከዚያም ይቆያል፣ አትቸኩይ። በመጀመሪያው ቡኮ እንጀራሽ ዓይን ላያወጣ ይችላል። በሁለተኛው በሦስተኛው ይስተካከላል። አብሲቱን በደንብ አብስይ፤ ንጹህ ጤፍ ያለ ፉርኖ የሚለሰልሰው በአብሲት ነው። ምጣዱን የምታሰሺው ጎመን ዘር ነው እንጂ ሌላ አይደለም፤ እሱ አይጎዳትም።

ለበዓል ቡላ አስመጪ። የቡላ ገንፎ በቅቤና በሚጥሚጣ ስትሠሪ ድፎውን ትረሳዋለች። ቆጮም ይሆናታል። ገንፎ ለመደች ከተባለም የበቆሎ ወይም የጤፍ ይሁን፣ የገብሱ ቀርቶ። ቆሎ ስትቆሉ ሽምብራና ኦቾሎኒ ብቻ፣ በተለየ ምጣድ። ለበዓሉ ድፎ ግድ ከሆነባችሁ ጎረቤት ቤት ይጋገር፣ እዚያው ይቆረስ። ዱቄት በየቦታው ይበናል።

አማትሽን በተመለከተ፣ አንቺ አትከራከሪያቸው። ቀጠሮዋ ሲደርስ አብረዋችሁ ሐኪም ቤት ይሂዱ፣ ከሐኪሙ አፍ ይስሙ። ከዚያ በኋላ የልጅቷ ጠባቂ እሳቸው ናቸው። ለቁርባኑ ደግሞ ለንስሐ አባታችሁ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ሥጋ ወደሙን በተመለከተ ምን እንደሚደረግ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤ ሕፃን ታሞ መፍትሔ የሚያጣ አባት አላየሁም።

መምህርት፣ ቡራዩ

እኔ የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ልጆች ነው የማስተምረው። ምሳ ሰዓት ላይ ልጆች እጃቸው የጓደኛቸው ምሳ ዕቃ ውስጥ ነው። መካፈል ደስ የሚል ነገር ነው፣ ለሶልያና ግን አደጋው እዚያ ነው። ለክፍል መምህሯ ደብዳቤ ጻፊ፣ የሐኪሙን ወረቀት ቅጂ አያይዢ። "ስንዴ አይስማማትም" ብለሽ ብቻ አትተዪው። ዳቦ፣ ብስኩት፣ ኢንዶሚ፣ ፓስታ፣ ሳምቡሳ፣ ቦንቦሊኖ፣ በሶ፣ ቂንጬ፣ የገብስ ቆሎ ብለሽ በስም ዘርዝሪ። መምህር በሥራ መሃል ማሰብ የለባትም፣ ስሙን አይታ መከልከል አለባት። ልጅቷም ለጓደኞቿ የምትሰጠው ነገር ይኑራት፤ የማትቀበል ብቻ ከሆነች ትገለላለች። ትርፍ የተቆላ ሽምብራ ወይም ሙዝ ጨምሪላት።

ለምሳዋ ካልሽው አንጻር፣ ቀጭን ሽሮ ትወዳለች ካልሽ በዚያው ሽሮ እንጀራ ፍርፍር አድርጊላት። ሲያድር ስለሚጠጣው ጠዋት ሥሪው። ድንች ከወደደች ድንች አልጫ በእንጀራ ጠቅልለሽ፣ በቢላ ቆራርጠሽ አስገቢ፤ እጇ ሳይቆሽሽ ትበላዋለች። ለማካሮኒው ናፍቆት ድንቹን እንደ ማካሮኒ ደቀቅ አድርገሽ ቆርጠሽ ቀቅለሽ፣ ማካሮኒው ላይ ታደርጊው የነበረውን የቲማቲም ስጎ አድርጊበት። ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚወዱት ስጎውን ነው።

የናሆም እናት፣ ሰበታ

የመምህርት ምክር ላይ ልጨምር። ለናሆም ጨጨብሳ ከጤፍ ቂጣ ነው የምሠራለት። ቂጣውን ሳሳ አድርገሽ ጋግረሽ፣ ገና ትኩስ ሳለ ቆራርጠሽ በቅቤና በበርበሬ እሺው። ከቀዘቀዘ ይደርቅና ይፈረፈራል፣ ቅቤውንም አይመጥም። ጣፋጭ ለምትወድ ልጅ በርበሬውን ትተሽ ማር አድርጊበት። የዳቦና ማርማላታ ሰዓቷን ይተካላታል። ከሥጋ ቤት ወይም ከምግብ ቤት የተዘጋጀ ነገር ስትገዢ ደግሞ ስጎው በዱቄት መወፈር አለመወፈሩን ጠይቂ፤ አሳና ዶሮ ሲጠበስም ዱቄት የሚነሰንሱበት አሉ።

የሶልያና እናት፣ ኮዬ ፈጬ

ሁላችሁም ብድራችሁን በልጆቻችሁ ይክፈላችሁ። እርሾውን ዛሬ ማታ እጥላለሁ። ማክሰኞ ማለዳ ወፍጮ ቤት ነኝ፤ ባለወፍጮ ወንድሜ፣ ጤፉን በምን ልያዘው?

ባለወፍጮ፣ ገላን

በአዲስ ማዳበሪያ። ብዙ ሰው የፉርኖ ዱቄት የነበረበትን ማዳበሪያ አራግፎ ነው ይዞ የሚመጣው፤ ስፌቱ ውስጥ ዱቄት ይቀራል። ለእህሉ አንድ፣ ለዱቄቱ ሌላ ያዢ። የ5 ኪሎው ማጠቢያ ደግሞ በሌላ ቀለም ፌስታል ይሁን፣ ቤት ስትደርሺ እንዳይምታታብሽ።