«መቻል ነበረበት» ማለት ምን ማለት ነው?

የአራዳው፦ እሁድ እዚህ ጎንደር አንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ነበር። ተማሪዎቹ ድራማ አሳዩ። ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ አለ። ጉልቤዎቹ «ባላገር» እያሉ ያሸማቅቁታል። በመጨረሻ የስንቅ ከረጢቱን ነጥቀው ድርቆሹን ደፉት፤ ረገጡት። እህል እኮ ነው! ልጁ አልተማታም። ቀጥ ብሎ ቆሞ «አንሱት!» አላቸው። እንባዬ መጣ። አስተያየት ሲጠየቅ ግን አንድ ወላጅ ተነስተው «ጨዋ ልጅ መቻል ነበረበት» አሉ። ሰው አጨበጨበ። እስካሁን አልበረደልኝም።

የቀበሌ 18 አባት፦ ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ። መድረክ ላይ «አንሱት» ማለት ቀላል ነው። በእውነቱ ግን ሦስት ሆነው ከአጥር ውጭ ይጠብቁታል። ልጄን የምመክረው ለዩኒት መሪው እንዲናገር ነው።

ማራኪ፦ ጋሼ፣ አንቱ ያሉት «ይናገር» ነው። ሰውየው ያሉት «ይቻል» ነው። ይሄ አንድ ነው? ደግሞስ ለማን ይናገር? ድራማው ላይ መምህሩ ራሱ «ባላገሩ» ብሎ ጠርቶት የለ?

የቀድሞ መምህር፦ ሁሉንም መምህር ላይ አትለጥፉ። ስንቱን ልጅ ቤቱ ድረስ ሸኝተናል።

የአይከል ልጅ፦ እኔ አዘዞ ተከራይቼ ነው የተማርኩት። አርብ አገር ቤት ሄጄ እሁድ ስንቄን ይዤ እመለሳለሁ። እናቴ ድርቆሹን ፀሐይ ላይ አድርቃ፣ በርበሬውን በፌስታል ቋጥራ ትሰጠኛለች። ክፍል ውስጥ ስሜን የሚያውቅ አልነበረም። «በረባሶ» ነበር የሚሉኝ። ቻልኩት። ችዬ ችዬ ዘጠነኛ ክፍል ላይ አቋረጥኩ።

የቀበሌ 18 አባት፦ ወንድሜ፣ በጣም አዝናለሁ። ጥፋቱ ግን ያየ ትልቅ ሰው ዝም ማለቱ ነው።

ማራኪ፦ ታዲያ ለምን አጨበጨቡ?

የቀበሌ 18 አባት፦ ነገርኩሽ እኮ ልጄ። እንዳይመቱት ስለፈራሁ ነው።

የደምቢያዋ፦ እኔን የከፋኝ ሌላ ነው። ልጁ አፉን በከፈተ ቁጥር የእኛን አነጋገር እያጋነነ ነበር። ሰው የሳቀው በእኛ ነው።

የአራዳው፦ እሱ መጀመሪያ ላይ ነው። ድርቆሹ ሲረገጥ ማንም አልሳቀም።

የደምቢያዋ፦ እንድንከበር የግድ ስንቃችን መረገጥ አለበት?

የቀድሞ መምህር፦ ወደ ነገሩ እንመለስ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃን በትምህርት ቤት ከጭካኔ አያያዝ ነፃ ነው ይላል። ልጁ የጠየቀው መብቱን ነው።

የቀበሌ 18 አባት፦ አንቀጹ ከበሩ ውጭ አብሮት አይሄድም፣ መምህር።

ማራኪ፦ እኛስ አብረነው መሄድ ያቅተናል?

የአይከል ልጅ፦ እኔ ድራማውን አላየሁትም። አነሱለት?

የአራዳው፦ አንዱ ጎንበስ ሲል መጋረጃው ተዘጋ።

የደምቢያዋ፦ አልጎነበሰም። ፊት ወንበር ላይ ነበርኩ።

ማራኪ፦ ጎንበስ ብሏል! እጁ ድርቆሹን ሲነካ አይቻለሁ።