ከመሀል ሜዳ እስከ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝነት፦ ከየት ይጀመራል?

ጠባሴ
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ተከላካይ አማካይ ሆኖ የሚጫወት የ28 ዓመት ልጅ አለ። ሐሳቡ አሰልጣኝ ሆኖ እስከ ዋልያዎቹ መድረስ ነው። ሰው ሁሉ «መሀል የተጫወተ ጨዋታ ያነባል፣ አይቸግረውም» ይለዋል። ይህ ይበቃል? መጫወት ሳያቆምስ መጀመር ይችላል?

ጣርማበር
ይችላል፣ እንዲያውም አሁኑኑ ይጀምር። የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) የአሰልጣኝነት ላይሰንስ ከዲ ተነሥቶ በሲ፣ በቢና በኤ አድርጎ እስከ ፕሮ ይወጣል፤ በየደረጃው መካከል በተግባር ማሰልጠን ስላለበት ጊዜ ይፈጃል። ኮርስ ሲከፈት እንዲያውቅ ከክልሉ ፌዴሬሽን አይራቅ።

እስከዚያው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ይያዝ። ለ75 ደቂቃ ልምምድ፦ 15 ደቂቃ ማሟሟቂያ፤ 20 ደቂቃ በ10 በ10 ሜትር ውስጥ 4 ለ2 ቅብብል (አራቱ ይቀባበላሉ፣ ሁለቱ ለመንጠቅ ይሞክራሉ)፤ 25 ደቂቃ በ40 በ30 ሜትር 6 ለ6፤ ቀሪው ነፃ ጨዋታ። የአማካዮች ችግር እዚህ ላይ ይታያል። ለእነሱ ግልጽ የሆነው ቅብብል ለልጁ አይታየውም፣ ስለዚህ ጨዋታውን በየደቂቃው እያስቆሙ ያስረዳሉ፤ ልጁም ኳስ ሳይነካ ይውላል። በአንድ ክፍለ ልምምድ ሁለቴ ብቻ ያስቁም። መጀመሪያ «ኳሱ ሳይደርስህ ማንን አየህ?» ብሎ ይጠይቅ፣ ከዚያ ያሳይ።

ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ከከባድ ሩጫ በኋላ ዕረፍቱን ያርዝም። ቡድኑ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ደግሞ አየሩ ይወፍራል፣ ረጅም ኳስ ከለመዱት ቀድሞ ይወርዳል፤ ሙቀቱም አለ። ከጨዋታው በፊት ረጅም ቅብብል ሳይሞክሩ አይግቡ።

መንዝ ጓሳ
ከመሀል ሜዳ ተነሥተው የደረሱ ብዙ ናቸው። በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሣ አምበላችን አማካዩ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን አሰልጥኗል። ፈረንሳዊው ዲዲየ ዴሾ እ.ኤ.አ. በ1998 በአምበልነት፣ በ2018 በአሰልጣኝነት የዓለም ዋንጫ ወስዷል። ለእኛ ልጅ ግን አሊዩ ሲሴ ይቀርባል። ተከላካይ አማካይና የሴኔጋል አምበል ሳለ እ.ኤ.አ. በ2002 የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የመለያ ምት ስቷል። ከ23 ዓመት በታች ቡድኑን ካሰለጠነ በኋላ በ2015 ዋናውን ተረከበ፤ በ2019 ፍጻሜ በአልጄሪያ 1 ለ0 ተሸነፈ፤ በ2022 መጀመሪያ ግብፅን በመለያ ምት ረትቶ ዋንጫውን ለሀገሩ አስገኘ። የታዳጊ ብሔራዊ ቡድን እርከን የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ዋናው ቡድን ውስጥ የሚገቡትን ልጆች ቀድሞ ያውቃቸዋል።

ሰላ ድንጋይ
በመንዝ ጓሳ ሐሳብ እስማማለሁ፣ ነገር ግን ዴሾ መጀመሪያ ክለብ ማሰልጠኑ አይረሳ። እ.ኤ.አ. በ2004 ሞናኮን ለሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ አድርሷል፣ በ2010 ከማርሴይ ጋር የፈረንሳይ ሊግን አሸንፏል። ፈረንሳይን የያዘው በ2012 ነው። ክለብ በየቀኑ ያሠራል፤ ስህተትህን በሚቀጥለው ሳምንት ታርማለህ።

ብሔራዊ ቡድን ይህን አይሰጥም። የተለመደው የፊፋ መስኮት፣ ማለትም ክለቦች ተጫዋቾችን ለብሔራዊ ቡድን የሚለቁበት ጊዜ፣ ከሰኞ እስከ ቀጣዩ ማክሰኞ 9 ቀን ነው፣ 2 ጨዋታ አለው። እሑድ የተጫወተው ልጅ ሰኞ ይደርሳል፣ ማክሰኞ ያገግማል። ረቡዕ ሙሉ ልምምድ፣ ሐሙስ የመአዘንና የቅጣት ምት፣ ዓርብ ጨዋታ። ቅዳሜ ማገገም፣ እሑድ ጉዞ፣ ሰኞ ቀላል ልምምድ፣ ማክሰኞ ሁለተኛው ጨዋታ። ቁጠሩት፤ አዲስ ነገር የሚያስተምርበት አንድ ረቡዕ ብቻ ነው። የቀድሞ አማካይ የሚወድቀው ራሱ ይጫወት የነበረውን ውስብስብ የኳስ ቁጥጥር በዚያች ቀን ሊያስገባ ሲሞክር ነው። ኳስ ስናጣ ምን እናደርጋለን፣ ከበረኛ እንዴት እንጀምራለን፣ የቆመ ኳስ ላይ ማን የት ይቆማል፤ ለመጀመሪያው መስኮት እነዚህ ይበቃሉ። የቀረውን ከመምጣታቸው በፊት ለእያንዳንዱ ከ3 ደቂቃ ያልበለጠ ቪዲዮ ቆርጦ ይላክላቸው። ልጁ ቪዲዮ መቁረጥን ከአሁኑ፣ በያዛቸው ልጆች ጨዋታ ላይ በስልኩ ይለማመድ።