ሦስት ቦታ ያለ ዳታ በአንድ ሪፖርት፦ የሞከርኳቸውን ልጠቁም

እህቴ፣ ከፍኖተ ሰላም «የገበሬ አባሎቻችን መዝገብ ማይኤስኪውኤል፣ መጋዘኑ አክሰስ፣ ሂሳቡ ፒችትሪ ላይ ነው፤ በምን አንድ ላይ ላምጣው?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት (ሁለቱ ዳታቤዝ፣ ፒችትሪ የሂሳብ ፕሮግራም ነው)። እኛም ደብረ ማርቆስ ልክ እንደዚሁ ነበርን።

መጀመሪያ ሜታቤዝን፣ ከዳታቤዝ ሪፖርት የሚያወጣውን ፕሮግራም፣ ሞከርኩ። ነፃውን ነው የጫንኩት። ደስ ይላል፣ አለቃ ራሱ ከፍቶ ያየዋል። ግን የአንዱን ዳታቤዝ ቴብል ከሌላው ዳታቤዝ ቴብል ጋር አያጋጥምም። ጎን ለጎን ማሳየት ይችላል፤ «ይህ ገበሬ ስንት ኩንታል ጤፍ አስገባ፣ ስንት ብር ተከፈለው» የሚለው ግን አንድ መስመር ላይ አይመጣም። የጉግሉ የሪፖርት መሥሪያ ሉከር ስቱዲዮ እስከ አምስት ምንጭ ያጋጥማል፤ ያለ ኢንተርኔት ግን አይሆንም። ሰኔ 30 ሂሳብ ልትዘጊ ስትይ ኔትወርክ ከጠፋ ምን ልትሆኚ ነው?

እኔ የምመክርሽ ፓወር ኩዌሪን ነው፣ ከተለያየ ቦታ ዳታ እያመጣ የሚያገናኘውን የኤክሴል መሣሪያ። ከኤክሴል 2016 ጀምሮ እዛው ውስጡ አለ። የማይክሮሶፍት የሪፖርት ፕሮግራም ፓወር ቢአይ ዴስክቶፕ ላይም ያው ነው፣ እሱም በነፃ ይወርዳል፣ ዊንዶውስ ይፈልጋል እንጂ። ለማይኤስኪውኤል ኮኔክተሩን (ማገናኛውን) ቀድመሽ ጫኚ። ከፒችትሪ ጋር አትታገይ፤ በየወሩ ወደ ኤክሴል እያወጣሽ አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጪ። ፎልደሩን አንዴ ካሳየሽው ሪፍሬሽ ባልሽ ቁጥር አዲሱን ፋይል ራሱ ይጨምረዋል። የደጀንንና የቢቸናን መጋዘን ዝርዝር ከላይ ወደ ታች ለመቀጠል አፔንድ የሚለውን ትእዛዝ፣ መጋዘኑን ከክፍያው ጋር ለማጋጠም መርጅ የሚለውን ተጠቀሚ።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። በስም እንዳታጋጥሚ! እኔ በስም ሠርቼ የብዙ ሰው ክፍያ ባዶ ሆኖ መጣ። አንዷን ከፍቼ ሳይ መጋዘኑ ላይ «ፀሐይ»፣ ሂሳቡ ላይ «ጸሀይ» ተብላለች። ለእኛ አንድ ስም ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው። ሴትዮዋ ብሯን ከወሰደች ቆይታለች፤ በሪፖርቱ ግን ያልተከፈላት ሆና ወጣች፤ ሥራ አስኪያጃችን ሁለተኛ ሊከፍላት ምንም አልቀረውም። ከዚያ ወዲህ በአባል ቁጥር ብቻ ነው የማጋጥመው። መርጁን ስትጨርሺ ደግሞ «ሌፍት አንቲ» በሚለው አንዴ ድገሚው፤ ያልተጋጠሙትን ብቻ ለይቶ ያወጣልሻል።

ቀኑም ጉድ ነው። መጋዘን ላይ የሚጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30ን «30/2» ብለው ሲያስገቡ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ ስህተት ይላል። እሱስ ደህና፣ ቢያንስ ታይቷል። የሚያስፈራው ጥቅምት 5 ዝም ብሎ ፌብሩዋሪ 5 ሆኖ ሲገባ ነው። ስለዚህ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብለሽ በሦስት ኮለም ለያዪው፤ ጳጉሜንም 13ኛ ወር ሆና በሰላም ትገባለች።

ሌላው፣ የሁለት ዳታቤዝ መርጅ የሚሠራው በራስሽ ኮምፒውተር ሚሞሪ ነው። 4 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ይንቀራፈፋል። የማትፈልጊያቸውን ኮለሞችና ያለፉትን ዓመታት ከመርጁ በፊት አውጪያቸው።

ዳታው ከዚህ ከበዛ ባለሙያ አስገብታችሁ ሦስቱንም በየማታው ወደ አንድ ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ማስገልበጥ ይሻላል። ያኔ ሜታቤዝም በደንብ ያገለግላችኋል፣ ሁሉም አንድ ዳታቤዝ ውስጥ ነዋ። የምታነጋግሩትን ሰው መጀመሪያ «የእኛን ቀን እንዴት ትይዘዋለህ?» በሉት። እኛ ሳንጠይቅ ተዋውለን ጳጉሜ ላይ ሥራው ቆመብን።

አባል ቁጥር የሌላቸው ካሉሽ የአንድ ቀበሌ ዝርዝር ይዘሽ ጀምሪ። እኛ ቁጥር የሰጠንበትን ኤክሴል ስሞቹን አጥፍቼ እልክልሻለሁ፣ ኢንቦክስ አድርጊልኝ።