በአነስተኛ ወጪ የቢራ በርሜል በራሳችን ለመሥራት የቀረበ የጋራ ሐሳብ፦ የዕቅድ ውይይት

የመሣሪያ ንዑስ ኮሚቴ ተጠሪ፦

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ባለፈው ስብሰባ በአደራ የሰጣችሁኝን ረቂቅ እነሆ አቅርቤያለሁ። ችግሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። በአንድ ጊዜ የምንጠምቀው 20 ሊትር ቢራ 33 ሳንቲ ሊትር የሚይዙ 60 ያህል ጠርሙሶችን ስለሚፈልግ፣ ከጠመቃው ይልቅ ጠርሙስ ማጠቡና መክደኑ ጉልበታችንን ይጨርሰዋል፤ ፋብሪካ የሠራው በርሜል ደግሞ ከነጋዝ ሲሊንደሩና ከነመቅጃው ለአብዛኞቻችን ኪስ ይከብዳል። ስለዚህ ባለ 2 ሊትሩን የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ እንደ ትንሽ በርሜል እንድንጠቀምበት ሐሳብ አቀርባለሁ። ክዳኑ ሁለት ቦታ ይበሳል፤ በአንዱ ቀዳዳ ለጋዝ ማስገቢያ የጎማ መንፊያ ቫልቭ ይገባበታል፣ በሌላው እስከ ጠርሙሱ ወለል የሚወርድ የቢራ ቱቦ ያልፍበታል። ጋዙን ከባለ 16 ግራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀለህ በቀጥታ እንሞላለን። ረቂቁን ሳታዝኑልኝ እንድትተቹልኝ እጠይቃለሁ።

የብረታ ብረት ሥራ የሚያውቁ አባል፦

ለተጠሪያችን ትጋት ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ 20 ሊትሩን በ10 ጠርሙስ ከመበታተን አንድ ወጥ ዕቃ ብንሠራ አይሻልም ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፒ.ቪ.ሲ. የውሃ ቱቦ በ1 ሜትር ከ10 ተቆርጦ ሁለቱ ጫፎቹ በክዳንና በማጣበቂያ ቢደፈኑ 19 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ሥራው የግማሽ ቀን ነው፣ ቱቦው ላይም የሚችለው ግፊት በግልጽ ታትሞበታል።

የምሕንድስና ባለሙያዋ አባል፦

ወንድሜ ሆይ፣ ቱቦው ላይ የታተመው ቁጥር ለውሃ የተሰጠ ነው። ውሃ ሲጨመቅ ጉልበት አያጠራቅምም ማለት ይቻላል፤ ቱቦው ቢሰነጠቅ ትንሽ ይረጫል፣ ግፊቱም ወዲያው ይወርዳል። የታመቀ ጋዝ ግን እንደተወጠረ ሞላ ነው፤ ፒ.ቪ.ሲ. ደግሞ ሲሰበር ተቀዶ አያበቃም፣ ስለታም ስብርባሪ ሆኖ ይበተናል፣ በቅዝቃዜም ይበልጥ ይሰባበራል። የቱቦ አምራቾች ራሳቸው ለታመቀ አየር እንዳይውል የሚያስጠነቅቁት በዚህ ምክንያት ነው። እርስዎ ባሉት ባለ 15 ሳንቲ ሜትር ክዳን ላይ የ2 ባር ግፊት ቢያርፍ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ከ350 ኪሎ ግራም ክብደት በላይ ነው። ያንን ሁሉ የሚይዘው ማጣበቂያው ብቻ ይሆናል ማለት ነው።

በእኔ እምነት በዚህ ዕቅድ ውስጥ ልንሠራው የማይገባን አንድ ነገር ቢኖር ግፊቱን የሚሸከመው ዕቃ ነው፤ ቱቦውን፣ መቅጃውን፣ ማቀዝቀዣውን ሁሉ እኛው እንሥራ። ጋዝ ላለው መጠጥ የተሠራው ፕላስቲክ ጠርሙስ ለዚሁ ተብሎ የተወለደ ነው። ባለ 2 ሊትሩን ገልብጣችሁ ብታዩት መቀመጫው ብዙውን ጊዜ አምስት ጉብጉብ እግሮች አሉት፤ ጠፍጣፋ ወለል ግፊት ሲያርፍበት ወደ ውጭ ስለሚነፋ ነው እንዲያ የተቀረጸው። ጋዝ የሌለው ውሃ የሚሸጥበት ባለ 5 ሊትር ጠርሙስ ይህ ስለሌለው፣ ምንም እንኳ ትልቅነቱ ቢያጓጓም፣ ከዕቅዱ ይውጣ።

የተጠሪያችንን ረቂቅ በአንድ ነጥብ አጥብቄ እቃወማለሁ፤ እርሱም ቀለሁን በቀጥታ መሙላት የሚለው ነው። 16 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለቀቅ በክፍል ሙቀት ከ8 ሊትር በላይ ጋዝ ይሆናል። ቢራ በሞላው ጠርሙስ አንገት ላይ የቀረው ባዶ ቦታ ደግሞ ከ1 ሊትር አንድ አሥረኛ አይበልጥም። ጋዙ ወደ ቢራው ለመግባት ጊዜ ስለሚወስድበት፣ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የሚፈጠረውን ግፊት እንኳን የለስላሳ ጠርሙስ ብዙ የብረት ዕቃም አይችለውም። ስለዚህ ሬጉሌተር፣ ማለትም የግፊት መቆጣጠሪያ፣ የሌለው የጋዝ ምንጭ በዕቅዳችን ውስጥ ፈጽሞ መኖር የለበትም።

በእጅ ሥራ የሚታወቁ አባል፦

የእህታችንን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ ስለ ክዳኑ የማውቀውን ደግሞ ልጨምር። ባለፈው ዓመት ይህንኑ ባለ ሁለት ቀዳዳ ክዳን ሠርቼ ነበር። ክዳኑ ከውጭ 30 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ሆኖ ሲታይ ሰፊ ይመስላል፤ የጠርሙሱ አንገት ውስጡ ግን ከ22 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ቫልቩ ከነሮንዴላውና ከነጎሚኒው ከገባ በኋላ ለቱቦው የተረፈችው ቦታ ጠባብ ስለነበረች፣ አንዱን ዳዶ ሳጠብቅ የሌላውን ጎሚኒ እያነሣሁበት ኖሯል። የሳሙና ውሃ ስቀባው በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል የስንዴ ቅንጣት የምታህል አረፋ ቀስ ብላ ተነፋች፣ ጠፋች፣ ደግማ ተነፋች። እንዲህ ያለች ፍንጣቂ ምን ታመጣለች ብዬ ተውኳት፤ በሦስተኛው ቀን ጠርሙሱ በጣት ሲጫኑት እንደ ባዶ ከረጢት ይሰረጉድ ነበር፣ ቢራውም ሞቶ ጠበቀኝ።

ክዳኑ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ ይሁን የምለው ከዚያ ወዲህ ነው። ለበርሜል የሚያገለግለው ፈጣን መጋጠሚያ ከማይዝግ ብረት ተሠርቶ በጠርሙስ ክዳን መልክ ይገኛል፤ ከሥሩ ለስላሳ የሲሊኮን ቱቦ ይያያዝለታል። አንዱ አፍ ሁለቱንም ሥራ በተራ ይሠራል፦ መጀመሪያ ጋዝ ይገባበታል፣ ከዚያ የጋዙ መስመር ተነቅሎ መቅጃው ይሰካበታል፣ አወራረዱ ሲደክም እንደገና ጋዝ ይሰጠዋል። ክዳኑን ራሱ እበሳለሁ የሚል አባል ቢኖር ግን ክዳኑን በእንጨት ላይ አጥብቆ አስሮ፣ በትንሽ ፑንታ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ያስፋው፤ ትራፓኖውን በትልቅ ፑንታ በአንዴ ከጫነው ክዳኑ ይሰነጠቃል ወይም ቀዳዳው ሞላላ ይሆናል። የጎማ ቫልቩንም ናስና ጎማው ለምግብ የተሠሩ ስላልሆኑ ቢራ በሚነካበት ቦታ አንጠቀምበት።

የጠመቃ ክፍል አስተባባሪ፦

ጋዙን በተመለከተ የዘነጋነው ርካሽ ሠራተኛ አለን፤ እርሾው ነው። ጠርሙሱ ሲሞላ 12 ግራም ስኳር ቢጨመርበት፣ ማለትም በሊትር 6 ግራም፣ ሁለት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ በ20 ዲግሪ ሙቀት ለቢራው የሚበቃውን ጋዝ እርሾው ራሱ ያዘጋጅልናል፤ ከውጭ የሚመጣው ጋዝ ቢራውን ለመግፋት ብቻ ይውላል። በዚያ ሙቀት በጠርሙሱ ውስጥ የሚኖረው ግፊት ወደ 2 ባር ይጠጋል፤ ወደ 4 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ከ1 ባር በታች ይወርዳል። ጠርሙሱ እጃችን ላይ ስለሆነም ሲጠነክር በጣት ጫና ልንከታተለው እንችላለን፤ ይህ በብረት በርሜል የማይገኝ ጥቅም ነው።

ነገር ግን ቢራው ፍላቱን ሳይጨርስ ከታሸገ የስኳሩ ስሌት ከንቱ ነው። በቢራው ውስጥ የቀረውን ስኳር የሚያሳየን የጥግግት መለኪያ ሦስት ቀን በተከታታይ አንድ ዓይነት ቁጥር ሳያሳይ ማንም እንዳይሞላ በጽሑፍ ይግባልን፤ በመለኪያው ላይ የቀረች እያንዳንዷ አንድ ሺሕኛ ነጥብ የቢራውን ግማሽ ይዘት የሚያህል ጋዝ ትጨምራለች።

የእርሾው ዝቃጭ ከታች ስለሚተኛ ቱቦው ከወለሉ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆረጥ፤ የመጀመሪያው ግማሽ ብርጭቆም ቢደፈርስ አትደንግጡ። በአረፋ የሚማረር ብዙ ሰው መቅጃውን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሞቀ ቢራና የአጭር ቱቦ ነው። ውስጡ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ 2 ሜትር ያህል ቱቦ በመቅጃውና በጠርሙሱ መካከል ሲኖር የግፊቱ ጉልበት በመንገድ ላይ ይበርድና ቢራው በእርጋታ ይወርዳል። ቱቦው በበረዶ ባልዲ ውስጥ ተጠቅልሎ ቢቀመጥ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ለጽዳት የፈላ ውሃ አይሆንም፤ ይህ ፕላስቲክ ከ60 ዲግሪ በላይ ይሸበሸባል።

ገንዘብ ያዥ፦

በብስክሌት ፖምፓ አየር እየገፋን የጋዝ ሲሊንደሩን ወጪ ማስቀረት አንችልም?

የጠመቃ ክፍል አስተባባሪ፦

በዚያው ምሽት ለሚያልቅ ጠርሙስ ይቻላል። ለነገ የሚተርፍ ከሆነ ግን በአየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን የቢራውን ጣዕም እርጥብ ካርቶን ያስመስለዋል። ባለ 2 ኪሎ ሲሊንደር ከ1000 ሊትር በላይ ጋዝ ይሰጣል፤ አንድ ጠርሙስ ቢራን እስከ መጨረሻው በ1 ባር ለመግፋት ቢበዛ 4 ሊትር ስለሚበቃ፣ ፍንጣቂ ከሌለ ከ200 በላይ ጠርሙሶችን ያስተናግዳል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

እስካሁን የተባለውን አጣምሬ የተሻሻለውን ሐሳብ እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ። ማኅበሩ በጋራ ገንዘብ አንድ ባለ 2 ኪሎ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደርና ከ2.5 ባር በላይ ሲደርስ በራሱ የሚያስተነፍስ ቫልቭ ያለው አንድ ሬጉሌተር ይገዛል፤ ሲሊንደሩም ሁልጊዜ ቆሞና ታስሮ፣ አየር በሚገባበት ክፍል ይቀመጣል። እያንዳንዱ አባል ባለ አንድ ቀዳዳ ክዳኑን፣ ቱቦውንና መቅጃውን በራሱ ወጪ ያዘጋጃል። ማንኛውም ክዳን ከማገልገሉ በፊት በውሃ ጢም ብሎ በተሞላ ጠርሙስ ላይ ተገጥሞ በ4 ባር ለ10 ደቂቃ ይፈተናል፤ የተጫረ፣ የተሰረጎደ ወይም በሙቅ ውሃ የተሸበሸበ ጠርሙስ ይጣላል። የፒ.ቪ.ሲ. ቱቦ፣ የቀለም ባልዲና ጋዝ ለሌለው ውሃ የተሠራ ጠርሙስ አይፈቀዱም።

የብረታ ብረት ሥራ የሚያውቁ አባል፦

ሐሳቤን አንስቻለሁ፤ በረቂቁም ተስማምቻለሁ። የፈተናውን ማያያዣ፣ ማለትም በአንድ ጫፉ የጎማ ቫልቭ በሌላው ፈጣን መጋጠሚያ ያለውን ቱቦ ከነግፊት መለኪያው፣ እኔ ሠርቼ ለቀጣዩ ስብሰባ አመጣለሁ። የመጀመሪያው ተፈታኝ ግን ያቺ አረፋ የምታወጣው ባለ ሁለት ቀዳዳ ክዳን ትሁንልኝ፤ ባለቤቷ ካልጣሏት ይዘዋት ይምጡ።